ጠላ ለማይጠጣው እንግዳ ምን እንቅዳለት?

በወላይታ ሶዶ ለሰበካ ጉባኤ ተወካዮችና ለካህናት በተዘጋጀ የሥልጠና ቀን የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እኛ የልማት ኮሚሽኑ ሠራተኞች በዚህ ዓይነት ጉባኤ ፊት ስንቆም የሚጠበቅብን ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ ችግኝ፣ ስለ አፈር ጥበቃ ወይም ስለ ቁጠባ ማኅበራት መናገር ነው። ለዛሬ የያዝነው ጉዳይ ግን በአንድ ብርጭቆ ውስጥ የሚያልቅ ነው። በቤት ውስጥ ስለሚዘጋጅ፣ አልኮል ስለሌለበት፣ ጨውና ቅመም ስለሚገባበት የቲማቲም መጠጥ እንነጋገራለን። «ዲያቆን ከጓዳ ምን አገባው?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። ነገሩ ከጓዳ ተነሥቶ እስከ ማኅበራችን ማእድ ስለሚደርስ ግን ጥቂት ትዕግሥት እንለምናለን።

የሰበካችንን ድግስ በዓይነ ኅሊና እንመልከት። ዝክር ሊሆን ይችላል፤ የጽዋ ማኅበር፣ ተዝካር፣ ክርስትና ወይም ሠርግ። እንጀራው ቀርቦ፣ ወጡ ወጥቶ፣ ቀጂው ማሰሮውን ይዞ በእያንዳንዱ ሰው ፊት ይቆማል። ከተቀመጡት መካከል ግን መጠጣት የሌለባቸው አሉ። አንዲት እናት ነፍሰ ጡር ናት፤ በእርግዝና ጊዜ «ይህን ያህሉ አይጎዳም» ተብሎ የሚወሰን የአልኮል መጠን እንደሌለ የጤና ባለሙያዎች ያስተምራሉ። አንድ ወንድም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ይወስዳል፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው አይሶናያዚድ ጉበትን የመጉዳት ጠባይ ስላለው አልኮል ሲጨመርበት አደጋው ይብሳል። ሌላው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ተጠቃሚ ነው፤ ሕመሙን ማንም እንዲያውቅበት አይፈልግም፤ እንቢ ካለ ግን ምክንያቱን ሊጠየቅ ነው። አንዱ በንስሐ አባቱ ምክር አረቄ ከተወ ገና ሁለት ወሩ ነው። አንዱ ሞተር ብስክሌቱን በር ላይ አቁሞ ገብቷል፤ ሲመሽ ሚስቱንና ልጁን አፈናጦ ወደ ቀበሌው ይመለሳል። ከሰንበት ትምህርት ቤት የመጡ ወጣቶችም አሉ። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ሕጉ በሱቅ የዘጋውን በር በማኅበር ቤት መክፈት አይገባንም።

ለእነዚህ ሁሉ የምናቀርበው ወይ ውኃ ነው፣ ወይ ለስላሳ። ውኃ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ነገር ግን በድግስ መካከል ውኃ ብቻ የተቀዳለት ሰው በማእዱ ዳር እንደተቀመጠ ይሰማዋል። ለስላሳ መጠጥ በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል፤ በሻይ ማንኪያ ቢለካ ሰባት ማንኪያ ገደማ ነው። የስኳር ሕመም ላለበት ምእመን ይህን አቅርበን «አልኮል የለበትም» ብንለው አልጠቀምነውም። ብርዝ ክቡር የአበው መጠጥ ነው፤ ሆኖም ማር ውድ ነው፤ ጣፋጭነቱም ለስኳር ሕመምተኛው ያው ነው፤ ከቆየ ደግሞ ይፈላል። በደቡቡ የአገራችን ክፍል የሚዘጋጀው ቦርዴ ገንቢ ቢሆንም ተብላልቶ የሚሠራ ስለሆነ ጥቂትም ቢሆን አልኮል አያጣውም። የጎደለው፣ ስኳር የሌለበት፣ ከምግብ ጋር ቀስ ተብሎ የሚጠጣ፣ ለአዋቂ የሚመጥን መጠጥ ነው።

በወላይታ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ጠባይ ስላለው በግልጽ መናገር ይገባናል። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሠራተኞች በ1920 ዓ.ም. ገደማ ሶዶ ከደረሱ ወዲህ በአካባቢው የተስፋፉት የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ከአልኮል መራቅን አጥብቀው ያስተምራሉ። ይህም የእነርሱ መታወቂያ ሆኖ ስለተቆጠረ አንድ ኦርቶዶክሳዊ «አልጠጣም» ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ጤናው ሳይሆን ስለ እምነቱ ነው። «ተለወጥህ እንዴ?» ይባላል። ነገሩ በቀልድ ይጀመራል፤ ሁልጊዜ ግን በቀልድ አያበቃም። ጥያቄውን የፈራ ሰው ወይ የማይገባውን ይጠጣል፣ ወይ ከማኅበሩ ይቀራል። ከማኅበሩ የቀረው ሰው ነገ ከዐውደ ምሕረቱም ቢርቅ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ነው ማለት አንችልም፤ ዋንጫውን ይዘን ፊቱ ቆመን የጠየቅነው እኛ ነንና።

ይህን ስንል ጎረቤቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። በዚህ ዞን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሁለቱም ወገን ሰው መገኘቱ የታወቀ ነው፤ በሠርግና በልቅሶ፣ በመስከረምም በጊፋታና በመስቀል ሰሞን በአንድ ማእድ እንቀመጣለን። ለእነርሱም ቢሆን ከለስላሳ ሌላ የሚቀዳ ነገር መኖሩ ለባለቤቱ ክብር ነው።

ለመሆኑ አለመጠጣት ከሌላ ቤት የመጣ ልማድ ነውን? የሶምሶን እናት ልጇን በምትፀንስበት ጊዜ ከወይን ጠጅና ከሚያሰክር መጠጥ እንድትጠበቅ በመልአክ መታዘዟን በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 13 እናገኛለን። የመጥምቁ ዮሐንስም ነገር በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ተጽፏል። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 35 ለአባታቸው ትእዛዝ ታምነው ወይን ያልጠጡትን የሬካብን ልጆች ለሕዝቡ ምሳሌ አድርጎ አቅርቧል። ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች በባቢሎን ከንጉሥ ማእድ ይልቅ ጥራጥሬንና ውኃን መርጠዋል። ከጠጅ የራቁ መነኮሳት አባቶቻችንማ በየገዳሙ አሉ። ስለዚህ የማይጠጣው ምእመን በአባቶቹ ቤት እንደተቀመጠ ሊቈጠር እንጂ በጥርጣሬ ሊታይ አይገባም።

በሌላ በኩል ጌታችን በቃና ዘገሊላ ሠርግ ያደረገውን ተአምር፣ ሐዋርያው ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም የሰጠውን ምክር የምታውቁ አባቶች ፊት ቆመን ወይን ሁሉ ርኩስ ነው አንልም። ቤተ ክርስቲያን የምታወግዘው ስካርን ነው። የጠላ ጋናችሁን ልንገለብጥ አልመጣንም። የቅዱስ ቁርባኑ ነገር በሥርዓት የተወሰነ ስለሆነ ከንግግራችን ፈጽሞ ውጭ ነው፤ ስለ ማኅበሩ ጽዋም የሚወስኑት አባቶች ናቸው። የምንናገረው ከጠላው ጎን ስለሚቀመጥ ሁለተኛ ማሰሮ ብቻ ነው።

ካህናት አባቶቻችን ራሳቸው የዚህ ሸክም ተካፋይ መሆናቸውንም አንዘነጋም። በአንድ የበዓል ቀን ጠበል ጻዲቅ ለመባረክ አምስት ቤት የሚዞር ካህን በአምስቱም ቤት ዋንጫ ይጠብቀዋል። ባይቀበል ባለቤቱ ያዝናል፤ ቢቀበል ሲመሽ በሰው አፍ ይገባል። በእጁ የሚይዘው ሌላ ዋንጫ ቢያገኝ ለእርሱም ለባለቤቱም ዕረፍት ነው።

ቲማቲምን የመረጥነው በመጀመሪያ ቅርብ ስለሆነ ነው። ከሶዶ ወደ ሁምቦና ወደ አባያ ሐይቅ ዳርቻ ስንወርድ ቆላው በመስኖ ቲማቲም ያበቅላል። ምርቱ በአንድ ሰሞን ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል፤ ነጋዴው አልፎ የበሰለውን አይወስድም፣ በመንገድ ይፈነዳበታልና። ለጉዞ የማይሆነው ያ ቀይ ቲማቲም ለዚህ መጠጥ ከሁሉ የተመረጠ ነው። ሰበካ ጉባኤ ለድግሱ የሚሆነውን ከገበሬው ማሳ በቀጥታ ቢገዛ ገበሬው ሊጥለው የነበረውን ይሸጣል። ደግሞም መጠጡ የጾም ነው፤ በሰባቱም አጽዋማት ያለ ሥጋት ይቀርባል። ጎምዛዛነቱና ቃጠሎው በአንድ ትንፋሽ እንዳይጨለጥ ስለሚያደርገው ጨዋታ እየተጨዋወቱ ለመጠጣት ይመቻል።

በሌላው ዓለም ይህ መጠጥ አዲስ አይደለም። ቲማቲም ራሱ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ሲሆን፣ ጭማቂውን ለእንግዳ በብርጭቆ ማቅረብ እ.ኤ.አ. በ1917 በኢንዲያና ግዛት በፍሬንች ሊክ ስፕሪንግስ ሆቴል ሉዊ ፔሪን በተባለ የወጥ ቤት ኀላፊ እንደ ተጀመረ ይነገራል፤ ለቁርስ የሚቀርበው የብርቱካን ጭማቂ ስላለቀበት ነበር ይባላል። ኋላ ቮድካ ጨመሩበትና «ብለዲ ሜሪ» አሉት፤ ቮድካው የወጣለትን ደግሞ በየሆቴሉ «ቨርጂን ሜሪ» ብለው ይጠሩታል። የእመቤታችንን ስም ለመጠጥ ማዋል ለእኛ ጆሮ የሚገባ አይደለምና በሰበካችን በዚያ ስም እንዳይጠራ አደራ እንላለን። የቲማቲም መጠጥ ማለት ይበቃል። እነርሱ የሚጨምሩበት ዉስተርሻየር የተባለው ስጎም ዓሣ የሚገባበት ስለሆነ ለጾማችን አይሆንም። እኛ በእርሱ ፈንታ የወላይታን ዳጣ ይዘናል፤ ያጣነው ነገር ያለ አይመስለንም።

አሁን ወደ ምድጃው እንቅረብ። ለዐሥር ሰው 3 ኪሎ ግራም ቲማቲም ይበቃል፤ ከዚህ 2 ሊትር ያህል መጠጥ ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ ሰው 200 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል ማለት ነው። ቲማቲሙ በደንብ የቀላ ይሁን፤ ቢለሰልስ ግድ የለም፤ የሻገተ ወይም የሸተተ ግን አንድም እንኳ አይግባበት። የሻገተውን ቆርጦ ቀሪውን መጠቀም በዚህ ሥራ አይፈቀድም። በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ እንብርቱ ይወጣል፤ በአራት ይቆረጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ቲማቲም ሲቆረጥ በውስጡ ያለው ኢንዛይም ፔክቲን የተባለውን ወፈር የሚያደርገውን ነገር ማፍረስ ይጀምራል። ሁሉንም ቆርጠን አስቀምጠን እሳት እስኪነድ ብንጠብቅ መጠጡ በኋላ ከላይ ውኃ፣ ከታች ዝቃጭ ሆኖ ይለያያል። ሙቀት ይህን ኢንዛይም ያስቆመዋል። ስለዚህ እሳቱ አስቀድሞ ይነድዳል፤ ድስቱ ይጣዳል፤ ከቲማቲሙ ስድስት ወይም ሰባት ፍሬ ብቻ ተቆርጦ ወዲያው ይገባና በማማሰያ እየተደፈጠጠ እንዲፈላ ይደረጋል። ቀሪው እየተቆረጠ በሚፈላው ላይ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል፤ ፍላቱ እንዳይቋረጥ መጠንቀቅ ነው። ውኃ አይጨመርም።

ድስቱ የማይዝግ ብረት ወይም የሸክላ ይሁን። የቲማቲም ኮምጣጣነት አልሙኒየምን ስለሚበላው መጠጡ የብረት ጣዕም ያመጣል። ሁሉም ከገባ በኋላ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል ተወቅጠው ይጨመራሉ፤ ከዚያ በመጠነኛ እሳት ለ20 ደቂቃ ይንተከተካል። ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ በቆላ ከሚያስፈልገው ጊዜ አናሳጥርም። ዝንጅብሉን ስናነሣ የቦሎሶ ገበሬዎች በ2004 ዓ.ም. የዝንጅብል አጠውላጊ በሽታ በማሳቸው ላይ ያደረሰውን ጥፋት ያስታውሳሉ፤ ከዚያ ወዲህ እንደገና የተከለ ሰው ካለ ዝንጅብሉን ከእርሱ ግዙ እንላለን።

ከእሳት ሲወርድ በወንፊት ይጠለላል። ልጣጩና ፍሬው በማንኪያ ጀርባ እየታሸ ፍሳሹ ሁሉ እንዲወርድ ይደረጋል፤ በወንፊቱ የቀረው ለዶሮ ይሆናል። በጠለለው ላይ አራት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ጥቂት የተፈጨ ቁንዶ በርበሬና ቆንጠር ተደርጎ የተወሰደ ነጭ አዝሙድ ይገባል። ጨውን በዓይን መገመት አይገባም። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ 6 ግራም ያህል ስለሆነ ለአንድ ሰው 0.6 ግራም ይደርሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ስለሚመክር ይህ መጠን አያሰጋም፤ በወጡ ላይ ካለው ጋር ስለሚደመር ግን አይብዛ። ደም ግፊት ላለበት ሰው ያለ ጨው ለብቻ ቢቀዳለት ሎሚው ጣዕሙን ይይዝለታል።

ድስቱ ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ተቀምጦ እየተማሰለ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። የመጨረሻው ቅምሻ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ትኩስ ሳለ ልክ የመሰለው ጨውና ሎሚ ሲቀዘቅዝ ሌላ ሆኖ ይገኛልና። ዳጣው በድስቱ ውስጥ አይገባም። በትንሽ ሳህን ለብቻው ይቀርብና የሚፈልገው ሰው በሻይ ማንኪያ ጫፍ ወስዶ በብርጭቆው ያማስለዋል። ልማዱ ያላቸው ሁለት ማንኪያ ሲጨምሩ እንግዳው እንዳይከተላቸው ማስጠንቀቅ የባለቤቱ ፈንታ ነው። አንድ ዘለላ በሶብላ ከላይ ቢደረግ መዓዛው ያማረ ይሆናል። ጤና አዳምንም የሚወዱ አሉ፤ ለነፍሰ ጡር ግን ማሕፀንን የሚያነቃቃ ተክል ስለሆነ በእርሷ ብርጭቆ ፈጽሞ አይግባ። በረዶ የምትጠቀሙ ከሆነ ውኃው አስቀድሞ የፈላ ይሁን።

ስለ ማስቀመጥ አጥብቀን የምንናገረው አለ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ይህ መጠጥ በተሠራበት ቀን ይጠጣል፤ ማቀዝቀዣ ባለበትም ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ከሦስት ቀን አይለፍ። በሙቀት ውስጥ ተዘግቶ የቆየ የቲማቲም ጭማቂ መብላላት ይጀምራል፤ ጋዝ ይፈጥራል፤ ጠርሙሱን ሊያፈነዳ ይችላል፤ አልኮልም ያበጃል። አልኮል እንዳይጠጣ ብለን ያዘጋጀንለትን ሰው በዚሁ መንገድ ልናሳስተው አይገባም። ለወራት በጠርሙስ አሽጎ ማስቀመጥን ደግሞ ከነጭራሹ አንመክርም። የቲማቲም ኮምጣጣነት እንደ ዓይነቱና እንደ ብስለቱ ይለያያል፤ የተመጠነ አሲድና ትክክለኛ የማሸግ ሥራ ካልተደረገ ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መመረዝ የሚያመጣው ተህዋስ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ሊያድግ ይችላል፤ መርዙም በሽታም ሆነ በመልክ ላይታወቅ ይችላል። ሎሚውን የምንጨምረው ለጣዕሙም ለጥበቃውም ነው፤ የአንዱ ሎሚ ኮምጣጣነት ከሌላው ስለሚለይ ግን በእርሱ ብቻ ተማምነን ለወራት አናስቀምጥም።

ለሁሉም ሰው የሚስማማ መጠጥ የለምና ይህም የማይስማማቸው አሉ። ጨጓራ የሚያማቸው በባዶ ሆድ ሊያቃጥላቸው ይችላል። ቲማቲም ፖታስየም ስለሚበዛበት የኩላሊት ሕመም ኖሯቸው ምግባቸው በሐኪም የተወሰነላቸው ምእመናን ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አይጠጡ።

አንዳንድ ሰበካዎች ለገቢ ማስገኛ ቢሸጥስ ብለው ጠይቀውናል። ለሽያጭ የሚቀርብ የታሸገ መጠጥ ፈቃድና የጥራት ቁጥጥር ስለሚያስፈልገው አሁን ባለን ዕቃና ሙያ አንደግፈውም። የድግስ መጠጥ ሆኖ ይቆይ።

አቀዳዱም ሊታሰብበት ይገባል። ጠላው በዋንጫ ከሆነ ይህም በዋንጫ፣ በብርጭቆ ከሆነ ይህም በብርጭቆ ይሁን። ለማይጠጡት ብቻ በፕላስቲክ ኩባያ ማቅረብ ልንሸፍነው የፈለግነውን ጉዳይ ማወጅ ነው። መልኩ ቀይ ስለሆነ ከጠላው መለየቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ቀጂው ሁለቱንም ማሰሮ ይዞ «ከየትኛው?» ብሎ ብቻ ይጠይቅ፤ ለምን ብሎ አይጠይቅ። መጀመሪያ የሚቀዳለትም በማእዱ ራስ የተቀመጠው ካህን ወይም ሽማግሌ ቢሆን መልካም ነው። እርሱ ከጠላው በፊት ከዚህ አንድ ዋንጫ ከተቀበለ በታች የተቀመጠችው ነፍሰ ጡርና መድኃኒት የሚወስደው ወንድም ምክንያት ሳይናገሩ ዋንጫቸውን ይዘረጋሉ።

እናቶቻችን ጠዋት ያዘጋጁት በውጭ ባለው ጠረጴዛ ላይ ቀርቧል። ዳጣው በትንሹ ሳህን ነው፤ ያለ ጨው የተዘጋጀው ክዳኑ ነጭ በሆነው ጆግ ውስጥ አለ። የየሰበካው ተወካዮች ለሚቀጥለው ዝክራችሁ ስንት ኪሎ ቲማቲም እንደሚያስፈልጋችሁ አስባችሁ ለጸሓፊው ብታስመዘግቡ ከሁምቦ በአንድ መኪና ማስመጣት እንችላለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።